ፊውዝ ብቻውን አይቃጠልም

(አዳማ ላይ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና ለጌም ቤት ባለቤቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የቆየ የጌም ማጫወቻ አልበራም ሲል ፓወር ሳፕላዩን (የሶኬቱን መብራት ማሽኑ ወደሚፈልገው ቮልቴጅ የሚቀይረውን ክፍል) እንዴት እንመረምራለን? ጠረጴዛው ላይ ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 አለ፣ ስሊሙ ከነአዳፕተሩ አለ፣ ኤክስቦክስ 360 አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በካሴት የሚሠራ ባለ 9 ቮልት ጌም አለ። አራቱም ከግድግዳው 220 ቮልት ይወስዳሉ፤ ማዘርቦርዳቸው የሚፈልገው ግን ቢበዛ 12 ቮልት ነው። ከ220 ወደ 12 የሚወርደው መንገድ ላይ ነው አብዛኛው ብልሽት የሚያጋጥመን።

ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሩብ ምዕተ ዓመት ሞልቷቸዋል ማለት ነው። ውስጣቸው ያለው፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ደግሞ ፈሳሽ ያለበት ዕቃ ነው፤ በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውነቱ ላይ 105 ዲግሪና 2000 ሰዓት የተጻፈበት ካፓሲተር ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። በ65 ዲግሪ ቢሠራ 32 ሺህ ሰዓት ገደማ ይቆያል። በቀን 12 ሰዓት የሚከፈት ጌም ቤት ውስጥ ይህ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ማሽኑን ቴሌቪዥኑ ሥር መሳቢያ ውስጥ ብትከቱትና አቧራ ቢደፍነው፣ ሙቀቱ ወደ 75 ይወጣና ያው ካፓሲተር ሦስት ዓመት ተኩል ብቻ ይሆናል። አዳማ ላይ ደግሞ ሙቀቱም አቧራውም በነፃ ነው። ከከተማው ዳር የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም፤ ያው ነፋስ ነው አቧራውን ተሸክሞ በማሽኑ ቀዳዳ የሚገባው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማሽኑ ሲከፈት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊውዙን ነው። ጥሩ። ተቃጥሎ ያገኘዋል። ይቀይረዋል። ሶኬት ላይ ይሰካል። "ጧ!" ይልና አዲሱም ይሄዳል። አንዳንዱ በሦስተኛው ላይ ይሰለቸውና ፊውዙን በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ያስረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው የቦርዱ መስመር ነው፤ ሲብስም ጠረጴዛው። ፊውዝ የሚቃጠለው ከአቅሙ በላይ ከረንት ሲያልፍበት ነው፤ ያን ከረንት የጎተተው ከእሱ ኋላ ያለ ሌላ ዕቃ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ስታገኙ ሟቹን አገኛችሁ፤ ገዳዩ ገና አልተያዘም።

ፊውዙ ራሱ ግን የሚናገረው አለ። የመስታወት ፊውዝ ከሆነ ውስጡን በብርሃን ተመልከቱ። መስታወቱ ጠቁሮ ወይም ብርማ ቅብ ይዞ ከሆነ ክሩ በቅጽበት ተኗል፤ ሙሉ ሾርት አለ ማለት ነው። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ክሩ መሐሉ ላይ ብቻ ከተበጠሰ፣ ጭነቱ ቀስ በቀስ በዝቶበታል ወይም ፊውዙ አርጅቷል። የሸክላ ፊውዝ ግን በዓይን አይታወቅም፤ በሜትር ይለካል። ስትቀይሩም ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ከቁጥሩ በፊት "ቲ" ከተጻፈ የሚዘገይ ፊውዝ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ትልቁ ካፓሲተር በአንድ ጊዜ የሚጎትተውን ከረንት ይታገሣል። በእሱ ፋንታ ፈጣኑን "ኤፍ" ካደረጋችሁ፣ ጤነኛ ማሽን ላይም እየተቃጠለ ያታልላችኋል።

ቪቴ ከመፍታታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እየተጫወቱበት ጠፋ ወይስ መብራት ሄዶ ሲመጣ? ድምፅ ወይም ሽታ ነበረው? ከዚህ በፊት ማን ከፈተው? ሌላ ሶኬት ወይም ሌላ አዳፕተር ተሞክሯል? ደንበኛ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ይደብቃል፤ "ዝም ብሎ ጠፋ" ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እናንተ ግን መድኃኒቱን ማግኘት ስላለባችሁ በዘዴ አውጣጡት። መብራት ሲመጣ የጠፋ ማሽን ሁለት ነገር ይጠቁማል። ወይ በከፍተኛ ቮልቴጅ ተመቷል፣ ወይ ማስነሻ ካፓሲተሩ (ፓወር ሳፕላዩ እንዲነሣ የሚረዳው ትንሹ) ደርቋል። የሁለተኛው ዓይነት ሳይጠፋ ለወራት ይሠራል፤ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ ግን ድጋሚ አይነሳም። እየተጫወቱበት የሚጠፋው ደግሞ ሙቀትን ወይም የተሰነጠቀ የብየዳ ሊድን ይጠቁማል።

ቀጥሎ ሶኬቱን ለኩ። 200 እና 240 መካከል ከሆነ እለፉ። የላላ ማከፋፈያን ግን አትመኑ፤ ባዶውን 220 ያሳይና ጭነት ሲገባበት ይወድቃል። ስምንት ቁጥር የሚመስለው የፕሌይስቴሽን ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሰኪያው አንገት ላይ ነው፤ ሜትሩን ኮንቲኒዩቲ (ሽቦ አለመበጠሱን በድምፅ የሚናገረው ቦታ) ላይ አድርጋችሁ ገመዱን እያጠፋችሁ ፈትሹት። በአንድ ርካሽ ገመድ ምክንያት ማሽን የሚከፍት ሰው አለ።

ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ከኋላው ዋና ማብሪያ አለው። እሱን ስታበሩ ፊት ለፊት ቀይ መብራት መምጣት አለበት። ቀዩ ካለ ፊውዙም፣ ድልድዩም (የሶኬቱን ተገለባባጭ ኤሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ዲሲ የሚቀይሩት አራት ዳዮዶች)፣ ትልቁ ካፓሲተርም በሕይወት አሉ፤ የመጀመሪያውን ክፍል መፍታት አያስፈልጋችሁም። ቀይ ሆኖ ስትጫኑት አረንጓዴ ብልጭ ብሎ ወደ ቀይ ከተመለሰ፣ ፓወር ሳፕላዩ ጭነቱን አልቻለም ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ሾርት አለ። ቀይ ሆኖ ስትጫኑት ጭራሽ ምንም ካልሆነ ግን መጀመሪያ የማብሪያ ቁልፉን ጠፍጣፋ ሪባን ገመድ እዩ። ቀዳሚው ጠጋኝ ማሽኑን ሲዘጋ ጨፍልቆት ይሆናል።

ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ውጪ ያለው ጡብ የሚያህል ሳጥን ላይ መብራት አለው። ብርቱካናማ ማለት ተጠባባቂ ነው፤ 5 ቮልቱ አለ። አረንጓዴ ማለት 12 ቮልቱም ተነሥቷል። ቀይ ማለት ሳጥኑ ራሱን ዘግቷል። ቀይ ካያችሁ ሳጥኑን ከማሽኑ ነቅላችሁ ለብቻው ሶኬት ላይ ስኩት። ብርቱካናማ ከሆነ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ለብቻውም ቀይ ካለ ሳጥኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች 203 ዋት ናቸው፤ ከዚያ 175፣ ከዚያ 150 መጡ። የ150ውን ለመጀመሪያዎቹ ማሽኖች በግድ የሚያገናኝ ሰው አለ፤ የመሰኪያው ቅርጽ የተለያየው ይህ እንዳይደረግ ነው፤ ፕላስቲኩን ቆርጣችሁ አታስገቡ።

አሁን እንክፈተው። እዚህ ላይ ቆም በሉ።

220 ቮልት ኤሲ በድልድዩ ወደ ዲሲ ሲቀየር ጫፉ 310 ቮልት ነው። ትልቁ ካፓሲተር ይህን ይዞ ይቀመጣል። የሚሠራ ፓወር ሳፕላይ ከሶኬት ሲነቀል ይህን ቻርጅ ራሱ ይበላዋል። ያልተነሣ ፓወር ሳፕላይ ግን የሚበላው ስለሌለ ይይዘዋል። እንግዲህ "ሞቷል" ያላችሁት ማሽን ከሚሠራው ይበልጥ አደገኛ ነው። 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ሁለት ሽቦ አስሩበት፣ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ የካፓሲተሩ ሁለት እግር ላይ 10 ሴኮንድ ያዙት፤ ከዚያ በሜትር ለክታችሁ ከ10 ቮልት በታች መሆኑን አረጋግጡ። በካቻቪቴ አታገናኙት። ብልጭታው ካቻቪቴውን ይበላል፣ ካፓሲተሩን ይጎዳል፣ እጃችሁንም ያስደነግጣል፤ የደነገጠ እጅ ሌላ ነገር ይነካል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ቦርዱ ሁለት የተለያዩ መሬቶች (ልኬት የሚጀመርባቸው ዜሮ ነጥቦች) አሉት። ከትራንስፎርመሩ በፊት ያለው ሞቃቱ ክፍል ነው፤ የእሱ መሬት የትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ እግር ነው። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ያለው ቀዝቃዛው ክፍል ነው፤ የእሱ መሬት የማሽኑ ቦዲ ነው። 310ን ለመለካት ጥቁሩን የሜትር ጫፍ ቦዲ ላይ ካደረጋችሁ የምታነቡት ቁጥር ትርጉም የለውም፤ በእሱ ተመርታችሁ ጤነኛ ዕቃ ትነቅላላችሁ።

መጀመሪያ ሶኬት ላይ ሳይሰካ እንለካለን። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ ከእሱ ቀጥሎ ባለው መስመር በተራ እንሄዳለን። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ክብ ሳንቲም የሚመስለው ቫሪስተር ነው፤ ቮልቴጅ ሲበዛ ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን ያስበላል። ከተሰነጠቀ ወይም ከጠቆረ ገዳዩ እሱ ነው፤ ግን ራሱም የተመታው ከውጪ ነውና የቀረውን መፈተሽ አትተዉ። ቀጥሎ ድልድዩ፦ ሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ፤ አራቱም ዳዮዶች በአንድ አቅጣጫ ከ0.45 እስከ 0.7 ቮልት ማሳየት፣ በሌላው መክፈት አለባቸው። አንዱ በሁለቱም በኩል ዜሮ ካሳየ አገኛችሁት። ከዚያ ትልቁ ካፓሲተር፣ በመጨረሻም ብረት ክንፍ ላይ የታሰረው ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር።

ስለ ትራንዚስተሩ ትንሽ ልቆይ፤ ጥገናው የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ሦስቱ እግሮቹ ድሬይን፣ ሶርስና ጌት ይባላሉ፤ በጌቱ በኩል ይታዘዛል። ድሬይንና ሶርሱ ሾርት ከሆኑ ብቻውን አልሞተም። 310 ቮልቱ በእሱ አልፎ ሶርሱ ላይ ያለውን ከአንድ ኦም በታች የሆነ ሬዚስተር በጥሶታል፤ በጌቱ በኩል ወደ ኋላ ሄዶ ትራንዚስተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ አይሲ መትቶታል። ትራንዚስተሩን ብቻ ቀይሮ የሚያበራ ሰው አዲሱን ትራንዚስተር በሰከንድ ያቃጥላል፤ ምክንያቱም የሞተው አይሲ ጌቱን በትክክል አያዘውም። ስለዚህ በአንድ ላይ ይቀየራሉ፦ ትራንዚስተሩ፣ የሶርስ ሬዚስተሩ፣ የጌት ሬዚስተሩ፣ አይሲው፣ ፊውዙ። በአንዳንድ ቦርድ አይሲውና ትራንዚስተሩ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ያኔ ሥራው ይቀልላል፣ ዕቃውን ማግኘት ግን ይከብዳል። የአምስቱ ዋጋ ተደምሮ ከሙሉ ፓወር ሳፕላይ ከበለጠ፣ ከሞተ ማሽን የተነቀለ ጤነኛ ቦርድ ማስገባት ብልህነት ነው። የቦርዱ ቁጥርና የመሰኪያው አሰካክ አንድ መሆኑን ግን አስተያዩ፤ የወፍራሙ ሞዴሎች ፓወር ሳፕላይ እርስ በርሱ ሁሉ አይገጥምም።

ሾርቱ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ማብራት በቀጥታ አይደረግም። አንድ ፖርታላምፓዳ ውሰዱ፣ 60 ዋት ቢጫ አምፖል አስገቡበት፣ ከፌዙ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገቡት። ኢኮኖሚ አምፖል ወይም ኤልኢዲ አይሆንም፤ ውስጣቸው የራሳቸው ሰርኪት አለና። ክር ያለው የድሮው አምፖል ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ ሲግል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሾርት ካለ ራሱ በርቶ ከረንቱን ይገድባል፣ ምንም ዕቃ አይቃጠልም። ስታበሩት ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፤ ትልቁ ካፓሲተር ሞልቷል። በርቶ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፤ ንቀሉና ተመለሱ። እየበራ እየጠፋ ከሆነ ፓወር ሳፕላዩ ለመነሣት እየሞከረ ነው፤ አምፖሉን ወደ 100 ዋት አሳድጋችሁ ሞክሩ። ይህ አምፖል ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጥ ፊውዝ ያድናል። ቢጫ አምፖል ገበያ ላይ እየጠፋ ስለሆነ ስታገኙ ሁለት ሦስት ያዙ።

አሁን በአንድ እጅ ብቻ፣ ጥቁሩ ጫፍ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ላይ በመቆንጠጫ ታስሮ፣ ለኩ። 300 አካባቢ ካለና የፓወር ሳፕላዩ መውጫ ላይ ምንም ከሌለ፣ ችግሩ ማስነሻው ነው። ከ310ው ወደ አይሲው የሚወርድ ከ100 ኪሎ ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም የሆነ ሬዚስተር አለ፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆነው በተከታታይ። በዕድሜ ብዛት ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል ወይም ይከፈታሉ። መልካቸው ምንም አይልም፤ አንድ እግር ነቅሎ መለካት ነው። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ትንሽዬ ካፓሲተር አለች፤ ከ10 እስከ 47 ማይክሮፋራድ፣ 25 ወይም 50 ቮልት። ብዙ ጊዜ ትኩስ ሬዚስተር ወይም ብረት ክንፍ ጥግ ስለምትቀመጥ ቀድማ የምትደርቀው እሷ ናት። አናቷ አያብጥም፣ አትፈስስም፣ ጤነኛ ትመስላለች። ፈተናው ይኸው፦ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትልቁን ካፓሲተር ባዶ አድርጉ፣ ትንሿን በፀጉር ማድረቂያ አንድ ደቂቃ አሙቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ከተነሣ እሷ ናት። ርካሽ ዕቃ ናት፤ ስንት ማሽን በእሷ ምክንያት ለፍርስራሽ ተሸጧል።

"ቲክ… ቲክ… ቲክ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፓወር ሳፕላዩ ይነሣል፣ አደጋ ያያል፣ ይዘጋል፣ ይደግማል። መጀመሪያ ማዘርቦርዱን ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋና ቮልቴጁ ከወጣ ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ከቀጠለ በቀዝቃዛው ክፍል ያሉትን የሾትኪ ዳዮዶች (ፈጣን ዳዮዶች) ለኩ፤ ጤነኛው በአንድ አቅጣጫ ከ0.15 እስከ 0.3 ቮልት ያሳያል። ሾርት ከሆነ ስትተኩት 4007 የሚባለውን ተራ ዳዮድ አታድርጉ። 4007 የተሠራው ለ50 ሄርዝ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይገለባበጣል፤ 4007 ለመዝጋት ይዘገያል፣ ይግላል፣ በደቂቃዎች ይሞታል።

ቮልቴጁ ወጣ እንበል። ወዲያው ማዘርቦርዱ ላይ አትሰኩት። ቮልቴጁን የሚያስተካክሉት መውጫውን የሚለካው ቲኤል 431 የሚባል አይሲና ከጎኑ ያለው፣ መልእክቱን በብርሃን ወደ ሞቃቱ ክፍል የሚያሳልፈው ባለ አራት እግሩ ኦፕቶካፕለር ናቸው። የእነሱ መስመር ከተከፈተ ፓወር ሳፕላዩ ስንት እያወጣ እንደሆነ አያውቅም፤ ይጨምራል፤ ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በሐሰተኛ ጭነት ፈትኑ። ከመኪና ወይም ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፖል ግዙ፤ በ12 ቮልት 1.75 አምፒር ይወስዳል። አምፖሉ ቀዝቃዛ ሲሆን ብዙ ከረንት ስለሚጎትት አንዳንድ ፓወር ሳፕላይ ሾርት መስሎት ይዘጋል፤ ያኔ አነስ ያለ 5 ወይም 10 ዋት አምፖል አድርጉ። ሥራ ላይ ሆኖ ቮልቴጁ መለያው ላይ ከተጻፈው በ5 በመቶ ውስጥ መቆየት አለበት፤ 12 ከሆነ ከ11.4 እስከ 12.6። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሁለት ቮልቴጅ ያወጣል፦ 7.5 እና 3.5፤ ሁለቱንም ለኩ።

ቮልቴጁ ልክ ሆኖ ማሽኑ የሚደናቀፍበት ጊዜም አለ፤ ምስሉ ላይ መስመር ይሄዳል፣ ዲስክ ማንበብ ሲጀምር ራሱን ያጠፋል፣ ከቀዘቀዘ አይነሣም፣ ከሞቀ ይሠራል። ይህ የመውጫ ካፓሲተሮቹ ድርቀት ነው። ሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ የዲሲውን መውጫ ስትለኩ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ጤና ነው፤ በመቶዎች ከቆጠረ ካፓሲተር ቀይሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ በብዙ ሱቅ የሚሸጠው ቢጫው ርካሽ ሜትር የኤሲ ዝቅተኛ መጠኑ 200 ቮልት ነው፤ ለዚህ ልኬት አይረባም። ዲሲውንም እንደ ኤሲ ቆጥሮ የውሸት ትልቅ ቁጥር ያሳያል። ያ ሜትር ብቻ ካላችሁ ጤነኛ ካፓሲተር ከተጠረጠረው እግር ጋር ትይዩ ደግፋችሁ ልዩነቱን በማሽኑ ጠባይ እዩ። ከማስጠጋታችሁ በፊት አጥፉ፤ ሳይጠፋ አይደረግም።

ስትተኩ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ ይሁን፤ 85 የተጻፈበትን እዚህ ቦታ አታስገቡ። መስመር የተሰመረበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከሰፈር ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ትልቅ ካፓሲተር ስትነቅሉ ቮልቱን አንብቡ፤ የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ሁለት ባለ 200 ቮልት ካፓሲተር በተከታታይ ይጠቀማሉ። አንዱን ነቅላችሁ ባለ 400ው ቦታ ብታስገቡት እንደ ርችት ይፈነዳል።

ይህ ወደ አሜሪካው ማሽን ያደርሰናል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ወፍራም ፕሌይስቴሽን 2 ከኋላው 120 ቮልት ይላል። 120 ወደ ዲሲ ሲቀየር 170 ነው፤ ካፓሲተሩም ለዚያ የተመረጠ ነው። 220 ላይ ሲሰካ 310 ይገባበታል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ቫሪስተሩ ቀድሞ ሾርት ሆኖ ፊውዙን ብቻ ያስበላል፤ ያኔ ሁለቱን ቀይሮ ማሽኑን ማዳን ይቻላል። ዕድለኛ ካልሆናችሁ ካፓሲተሩ አናቱን ይከፍታል፣ ትራንዚስተሩና አይሲው ይከተላሉ። ከዳነ በኋላም 220 ወደ 110 የሚያወርድ የመዳብ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ 100 ዋት ለፕሌይስቴሽን 2 ይበቃል። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላልዬ መቀየሪያ ግን ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ ጫፉ እንዳለ ይደርሳል፤ ማሽኑን ይገድለዋል። የኤክስቦክስ 360 ሳጥንም እንዲሁ የየአገሩ ነው፤ የአሜሪካው 220 አይችልም። እዚያ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ከሳጥኑ የሚወጡትን 12 እና 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ተመሳሳይ ዋት ያለው የ220 ሳጥን ማስገባት ይበቃል።

የካሴቱን ጌም በአጭሩ ልለፈው። ውስጡ 7805 የሚባል ሬጉሌተር አለ፤ 9 ቮልት ይቀበላል፣ 5 ይሰጣል፤ ትርፉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 0.7 አምፒር ሲወስድ በ9 ቮልት 2.8 ዋት ያግላል፤ በ12 ቮልት አዳፕተር ግን 4.9 ዋት። ለዚህ ነው "12 ቮልትም ይሠራል" የተባለው ጌም ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘጋው። የአዳፕተሩንም ምሰሶ (የመሰኪያው መሐል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ) አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭ መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ዛሬ የምንገዛው አዳፕተር አብዛኛው መሐሉ ፖዘቲቭ ነው።

ጥቂት ከታዳሚ የተነሡ ጥያቄዎች ነበሩ።

"የስሊሙ አዳፕተር ጠፍቶብኛል፤ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ላድርግለት?" አይሆንም። ስሊሙ 8.5 ቮልት ይፈልጋል፣ ከረንቱም በብዙ አምፒር ነው፤ የራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 አምፒር አያልፍም፣ ታንቆ ይዘጋል። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር 9 ቮልት አዳፕተር ደግሞ ጭነት ሳይኖረው 12 እና ከዚያ በላይ ያወጣል። የላፕቶፕ 19 ቮልት ከገባበት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ፊውዞች ይሄዳሉ፤ ከሄዱ መልካም፣ ካልሄዱ አይሲዎቹ ናቸው የሚሄዱት። መጨረሻ ላይ የወጣው ስሊም ግን ፓወር ሳፕላዩ ውስጡ ነው፤ አዳፕተር አይፈልግም።

"ቦዲውን ስነካው ይነዝረኛል፤ ተበላሽቷል?" በሁለቱ መሬቶች መካከል አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ካፓሲተር አለች፤ የራዲዮ ጫጫታ ለመቀነስ ነው የተቀመጠችው። ገመዱ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ጥቂት ከረንት በእሷ በኩል ወደ ቦዲው ይመጣል። ሜትር 110 አካባቢ ያሳያል፤ ከረንቱ ግን ከአንድ ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ ከመንዘር አያልፍም። በርትቶ የሚመታ ከሆነ ግን ካፓሲተሯ ፈርሳለችና አቁሙ። የምትተካው "ዋይ" የሚል ምልክት ባለው ብቻ ነው፤ ተራ ካፓሲተር ሾርት ሲሆን 220ውን ልጁ የያዘው ጆይስቲክ ላይ ያደርሰዋል። የቴሌቪዥኑን ገመድም ሁለቱ መሣሪያዎች ከሶኬት ተነቅለው ስኩ።

"በአንድ ቀን የአምስት ቤት ዕቃ ተቃጠለ፤ ለምን?" ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ተበጥሷል ወይም ላልቷል። መስመሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲሄድ የእናንተ ቤትና የጎረቤት ቤት በተከታታይ ይገናኛሉ። ብዙ ጭነት ያለው ቤት ትንሽ ያገኛል፣ ጌም ብቻ የበራበት ቤት ወደ 300ዎቹ ይወጣል። መብራቱ ባንዱ ክፍል ሲደምቅ በሌላው ሲደበዝዝ ካያችሁ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ።

"ስታቢላይዘር ያድነዋል?" ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን ያስተካክላል። ቅጽበታዊውን ምት ግን አይደርስበትም፤ ውስጡ ያለው ሪሌ ለመቀየር ጊዜ ይወስዳል። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራው መጠበቂያ ለጌም ቤት የተሻለ ይጠቅማል። ከሁሉ ርካሹ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ "ጠግኜ ከሰጠሁት በኋላ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል" የሚል ነበር። ክዳኑን ከፍታችሁ ስለፈተናችሁት ነው። ክፍት ማሽን ይቀዘቅዛል። ክዳኑን ዝጉ፣ ቪቴውን እሰሩ፣ ዲስክ የሚያነብ ጌም አስገቡና ሁለት ሰዓት አስሩጡት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩና ድጋሚ አብሩ። ሞቆ ካልተነሣ ችግሩ አሁንም ውስጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንድ ጊዜ አብሩት። በሁለቱም ከተነሣ ለባለቤቱ ደውሉ።